ገቢ ማህተም ያለበት ኮፒ፦ ስለ እናቴ ሂሳብ ከባንኩ ጋር ያደረግነው ክርክር

ዳዊት፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለንም፤ የምታጫውተን ራሷ ሰላም ናት። እናቷ ካረፉ በኋላ ከአንድ ባንክ ጋር ስለገባችበት ክርክር ታወራናለች። እኔ ደግሞ ጠበቃ ስለሆንኩ የሕጉን ነገር በመሃል በመሃል እጨምራለሁ። የባንኩን ስም ግን አንጠራም።

ሰላም፦ አዎ፣ ይቅር። ስሙ ቢታወቅም ለሚሰማን ሰው የሚጨምርለት ነገር የለም።

ዳዊት፦ እሺ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪልን።

ሰላም፦ እማዬ ያረፈችው ጥር 3 ቀን 2015 ነው። አራት ልጆች ነን። ሦስታችን እዚሁ አዲስ አበባ፣ ታላቅ ወንድማችን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። እማዬ ኑዛዜ ነበራት። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳ ያስመዘገበችው ነው። ከቁም ሳጥኗ ውስጥ ከባንክ ደብተሯ ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ አገኘነው። እኔን የውርስ አጣሪ አድርጋ ሾማኛለች። አንድም ቀን አልነገረችኝም። ሳነበው እጄ ተንቀጠቀጠ።

ዳዊት፦ ነፍሳቸውን ይማር። አጣሪ ምን እንደሆነ ልንገራቸው። ብዙ ሰው ወራሽና አጣሪ አንድ ይመስሉታል። አጣሪ ማለት ኑዛዜ መኖር አለመኖሩን የሚያጣራ፣ ወራሾቹን የሚለይ፣ ንብረቱን የሚጠብቅ፣ ዕዳ የሚከፍል፣ ከዚያም የተናዘዙትን የሚፈጽም ሰው ነው። ሟች ማንንም ካልሾመና ኑዛዜም ከሌለ ወራሾቹ ራሳቸው አጣሪ ይሆናሉ። ስለዚህ አንቺ ባንኩ ጋ ስትሄጂ እንደ ልጅ ብቻ አይደለም የሄድሽው። የሌላውንም ሰው ገንዘብ ልትጠብቂ ነው የሄድሽው።

ሰላም፦ እሱን ነው መጀመሪያ ያልገባኝ። ኑዛዜው ላይ እኛ ልጆቿ ብቻ አይደለንም ያለነው። ሃያ ሁለት ዓመት እኛ ቤት ኖራ ያሳደገችን እህታችን አለች። እማዬ ለእሷ 40,000 ብር ይሰጣት ብላለች። ከባንኩ ጋር ስከራከር ሁልጊዜ ፊቴ ላይ የምትመጣው እሷ ናት።

ዳዊት፦ ባንኩ ጋ መቼ ሄድሽ?

ሰላም፦ ጥር 9። ገና ሰው ቤት ሞልቷል። ከሆስፒታል በሰጡን ወረቀት ወረዳ ሄጄ የሞት ማስረጃውን አወጣሁ። ጎረቤታችን አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ ድሮ መንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው የሠሩት። «ልጄ፣ በቃል እንዳትነግሪያቸው። ጻፊና ሁለት አድርጊው። አንዱን ይውሰዱ፣ አንዱን ገቢ ብለው ማህተም መትተው ይመልሱልሽ» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ። ደብዳቤው አራት መስመር ነው። እናታችን አርፋለች፣ ሂሳቧ ይታገድልን፣ የሞት ማስረጃው ተያይዟል ይላል። ጸሐፊዋ ማህተም መታችልኝ፣ ቀኑንም ጻፈችበት። ቤት ገብቼ ኑዛዜው ያለበት ፌስታል ውስጥ ከተትኩትና ረሳሁት።

ዳዊት፦ ከዚያ ፍርድ ቤት።

ሰላም፦ እሱን ቶሎ ልለፈው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ምስክር፣ ቀጠሮ፣ እንደገና ቀጠሮ። የወራሽነት ማስረጃውም የአጣሪነቴም ጉዳይ ያለቀው ሰኔ ላይ ነው። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ይዤ ቅርንጫፉ ሄድኩና ስቴትመንት ጠየቅኩ፣ ካረፈችበት ቀን ጀምሮ ያለውን። እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከሞተች በኋላ አራት ጊዜ ገንዘብ ወጥቷል። በሞባይል ባንኪንግ። ሁለቱ ደብዳቤውን ከማስገባቴ በፊት ነው፣ 18,000 ብር። ሁለቱ ግን ጥር 18 እና ጥር 24 ነው። 25,000 እና 20,000።

ዳዊት፦ ደብዳቤሽ ከገባ ከዘጠኝ ቀን እና ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ።

ሰላም፦ ሂሳቡ የታገደው ጥር 28 ነው። ለአሥራ ዘጠኝ ቀን ደብዳቤዬ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ሲስተም ላይ ማንም አላስገባውም። ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። በትህትና ነው ያናገረኝ፣ እሱን መደበቅ አልፈልግም። ግን ምን አለኝ፦ «እህቴ፣ የሞባይል ባንኪንግ የሚስጥር ቁጥር መጠበቅ የደንበኛው ኃላፊነት ነው።» እኔም «ደንበኛዋ እኮ ሞታለች። ሞታለች ብዬ ደግሞ ነግሬያችኋለሁ» አልኩት። ከዚያ በላይ መናገር አቃተኝ። እንባዬ መጣ።

ዳዊት፦ ማን እንዳወጣው መቼ አወቃችሁ?

ሰላም፦ የዛኑ ቀን ማታ። ታናሽ ወንድሜ ነው። የእማዬን መብራት፣ ውኃ፣ ዕቁቧን በስልኳ የሚከፍልላት እሱ ነበር። ቁጥሩን ራሷ ነው የሰጠችው። ስጠይቀው አልደበቀም። «ለቀብሩና ለአርባዋ ነው ያወጣሁት፤ ድንኳኑን ማን የከፈለው መሰላችሁ?» አለ። እውነቱን ነው። እኛ እንግዳ ስንቀበል እሱ ይሯሯጥ ነበር። ማናችንም አልጠየቅነውም።

ዳዊት፦ እዚህ ጋ አንድ ከባድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። የባንኩ ሰዎችም ይህንኑ ሳይሉሽ አይቀሩም። ገንዘቡ ለእናታችሁ መታሰቢያ ነው የዋለው። የወሰደው ወራሽ ነው። ታዲያ ባንኩ ምን ጎዳችሁ?

ሰላም፦ ብለውኛል። በእነሱ ቋንቋ «ጉዳዩ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ እርስ በርስ ተነጋገሩ» ነው ያሉት። እኔም ሌሊት ሌሊት ራሴን ጠይቄዋለሁ። ግን ስልኩን ያገኘው ሌባ ቢሆንስ ኖሮ? የእነሱ ሥራ ያው ነው የሚሆነው። ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ነው። ወንድሜ ስለሆነ የእነሱ ስህተት አይጠፋም። ደግሞ ያ ገንዘብ የእኛ ብቻ አልነበረም። ያቺ ያሳደገችን እህታችን ድርሻ ከዚያው ሂሳብ ነው የሚወጣው።

ዳዊት፦ ልክ ነሽ። ሕጉም የሚለየው እዚያ ጋ ነው። ባንኩ ሞቱን ሳያውቅ የከፈለውና ካወቀ በኋላ የከፈለው አንድ አይደለም። ለ18,000ው ባንኩን መውቀስ አይቻልም። ለ45,000ው ግን ማህተም የተመታበት ወረቀት አለሽ። ስለ ድግሱም አንድ ነገር ላንሳ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚጣላበት ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቀብርን ወጪ ከውርሱ ዕዳዎች ሁሉ ያስቀድመዋል፤ ከሟቹ ኑሮ ጋር የሚመጣጠን እስከሆነ ድረስ። የመታሰቢያ ድግስ ግን የቀብር ወጪ ውስጥ አይገባም። ሳጥን፣ መኪና፣ የቀብር ድንኳን ከውርሱ ይከፈላል። ተዝካሩን ልጆቹ ከፈለጉ ከየኪሳቸው ነው።

ሰላም፦ ይህን የሰማሁት ካንተ ነው። ቤት ስናገረው ታላቅ እህቴ በጣም ከፋት። «እማዬ በገዛ ብሯ አርባዋን አታወጣም?» አለች።

ዳዊት፦ ሁላችሁም ብትስማሙ ማንም አይከለክላችሁም። ችግር የሚመጣው አንዱ ብቻውን ሲወስን ነው። ሌላ ልጨምር፣ ቢሮዬ በየወሩ የሚመጣ ነገር ነው። «እናቴ ታማ ሳለች የሰጠችኝ ውክልና አለኝ፣ በእሱ አወጣለሁ» የሚል ሰው። አይሆንም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2232 መሠረት ውል ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በስተቀር ወካይ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ያበቃል። ሕመም ላይ ያገለገለ ወረቀት ከቀብር በኋላ አያገለግልም። በደግ ልብ የሚያደርጉት ሰዎች ናቸው በኋላ ተከሳሽ የሚሆኑት።

ሰላም፦ ታናሽ ወንድሜም በደግ ልብ ነው ያደረገው። አልከሰስኩትም፣ አልከስሰውምም።

ዳዊት፦ የቀረውን ገንዘብስ ሰጡሽ?

ሰላም፦ አልሰጡኝም። ይኸውልህ ሁለተኛው ነገር። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ አጣሪዋ እኔ መሆኔን በግልጽ ይላል። እነሱ ግን «አራቱም ወራሾች በአካል ቀርበው ይፈርሙ» አሉ። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜስ? «ውክልና ይላክ» አሉ። እሱ ደግሞ የሚሠራው በሌሊት ነው። ፈቃድ ጠይቆ ዋሽንግተን ኤምባሲ ሄዶ፣ ወረቀቱ እዚህ መጥቶ ውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ፣ እንደገና ሰነዶች ማረጋገጫ... ሁለት ወር ከምናምን በዚህ አለቀ።

ዳዊት፦ ይህ ለጠንቃቃነት ተብሎ የሚጠየቅ ነገር ነው፣ ይገባኛል። ባንኩ ላልተገባ ሰው ከከፈለ ሁለቴ ሊከፍል ይችላል። ፍርድ ቤት አጣሪ መሆንሽን ካረጋገጠ በኋላ ግን ምክንያት የለውም። ሂሳቡን ተረክቦ መጠበቅና የተናዘዙትን መፈጸም የአጣሪው ሥራ ነው። ተጠያቂዋም አንቺ ነሽ።

ሰላም፦ አንድ ቀን ደክሞኝ «እሺ፣ ሁሉም ይፈርሙ የሚለውን በጽሑፍ ስጡኝ» አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም። በጽሑፍ ስል ጥያቄው ቀረ። ፋይሉ ዋናው መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል ሄደ፣ በሳምንቱ «በአጣሪዋ ፊርማ ይበቃል» ተባለ። ታላቅ ወንድሜ ደውሎ «ሁለት ወር ያሯሯጣችሁኝ ለዚህ ነው?» አለኝ። ምን ልበለው።

ዳዊት፦ 45,000ውስ?

ሰላም፦ አቤቱታ ጻፍኩ፣ አንተ አይተህልኝ። ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ ግልባጭ ለብሔራዊ ባንክ። ገቢ ማህተም ያለበትን ኮፒ አያያዝኩ። ሦስት ነገር ነው የጠየቅኩት። ደብዳቤው አሥራ ዘጠኝ ቀን ለምን እንደተቀመጠ በጽሑፍ እንዲነግሩኝ። 45,000ው ወደ ሂሳቡ እንዲመለስ። ሦስተኛው ደግሞ ወለዱ ነው። ስቴትመንቱን ደግሜ ሳየው ከታገደበት ቀን ወዲህ ወለድ የለም። ዜሮ ነው።

ዳዊት፦ እሱን ሰምቼ ነው የደነገጥኩት። እገዳ ገንዘብ እንዳይወጣ ነው እንጂ ወለድ እንዳይታሰብ አይደለም። ባንኩ ገንዘቡን ይሠራበታል እኮ። ከ2010 ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎታል። በእናትሽ ሂሳብ መጠን ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ሰላም፦ ወለዱን ያለ ክርክር አስተካከሉት። ሲስተም ላይ የሂሳቡ ዓይነት ሲቀየር የተፈጠረ ነው አሉ። ታዲያ እኔ ባላይ ኖሮስ? ስንት ሰው ስቴትመንት ሳይጠይቅ የተሰጠውን ተቀብሎ ይሄዳል?

ዳዊት፦ ዋናው ገንዘብ ላይ ግን ቆዩ።

ሰላም፦ ሚያዝያ 2016 ላይ ነው መልስ የመጣው። ደብዳቤው በወቅቱ አለመመዝገቡን አመኑ። በጽሑፍ። ያቺን አንድ መስመር ሳነብ የተሰማኝን ልነግርህ አልችልም። 45,000ውን መለሱ። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ መብላት አልፈለግኩም። ወንድሜን ይዤ ሄድኩ። እሱ ከድርሻው ላይ ለባንኩ እንዲመልስ ፈረመ። የመጀመሪያውን 18,000 ደግሞ ደረሰኞቹን አምጥቶ ተያየን። ለቀብሩ የዋለውን ውርሱ ቻለው፤ የቀረው ከድርሻው ታሰበ።

ዳዊት፦ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ብዙ አይገጥመኝም።

ሰላም፦ ቀላል አልነበረም። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ለአራት ወር በደንብ አልተነጋገርንም። ፋሲካን ለየብቻ ነው የዋልነው። ባንኩ በጥር 9 ያንን ወረቀት አስገብቶት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ባልመጣ ነበር። የሚያናድደኝ እሱ ነው እንጂ ብሩ አይደለም።

ዳዊት፦ አሁን የቀረው ነገር?

ሰላም፦ «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ቅጽ አምጥተው ነበር። አልፈረምኩም። የዘገየበት ወለድ አለ።

ዳዊት፦ እሱን እኔ ላስረዳ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሕጋዊውን ወለድ በዓመት 9 በመቶ ያደርገዋል። ባለዕዳ መክፈል ያለበትን ገንዘብ ሲያዘገይ የሚታሰበው ይህ ነው። ለዚህ ደግሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል፤ በቃል «ስጡኝ» ስንል ከርመን ፍርድ ቤት ስንገባ ቀኑን ማስረዳት ያቅተናል። ሰላም ማስጠንቀቂያዋን በጽሑፍ፣ በቀን፣ በማህተም ሰጥታለች። እህቷና ወንድሞቿ ይከሰስ አይከሰስ ገና አልተስማሙም። እኔ እንደ ጠበቃ ያዋጣል እላለሁ። እንደ ጓደኛ ደግሞ... እናንተው ወስኑት።

ሰላም፦ ታላቅ እህቴ ይብቃን ትላለች። እኔ አልወሰንኩም።

ዳዊት፦ ያሳደገቻችሁ እህትሽ ገንዘቧን አገኘች?

ሰላም፦ መጀመሪያ የከፈልኩት ለእሷ ነው። አሁን ደብረ ብርሃን ነው ያለችው፣ ከልጇ ጋር። በባንክ መላክ እችል ነበር። ራሴ ይዤላት ሄድኩ። ብሩን ሳይሆን የእማዬን ባንክ ደብተር ጠየቀችኝ። ፎቶዋ አለበት፤ ነጠላ ለብሳ፣ ፈገግ ሳትል። ሂሳቡ ሲዘጋ ደብተሩን ሊያስቀሩት ነበር። ገንዘብ ከፋይዋን ለመንኳት። ጥጉን በመቀስ ቆርጣ መለሰችልኝ። አሁን ደብረ ብርሃን ነው ያለው፣ ግድግዳዋ ላይ።