ቀን እዚህ፣ ማታ እዚያ

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤

ሻይ ላይ ሁሌም የምናነሳው፣ ስብሰባ ላይ ግን የምንዘለው ጉዳይ አለ። ቀን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ማታና ቅዳሜ በግል ኮሌጅ የምናስተምር ስንት ነን? እጅ አውጡ አልልም። ዲኖቹም እዚሁ ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹም ከእኛው ናቸው።

ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል። ደመወዛችን ከወር ወር አያደርስም፤ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ብቻውን ይውጠዋል። ስለዚህ “ሁለት ቦታ መሥራት ይከልከል” የሚለውን አልደግፍም። ቢከለከል ተደብቆ ይቀጥላል እንጂ አይቆምም።

እኔን የሚከነክነኝ ስም ማከራየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለ ጅዳው ንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዘገባ አውጥቶ ነበር። ለአንድ የሃርቫርድ ፕሮፌሰር የቀረበው ክፍያ በዓመት 72,000 ዶላር ነው። በዓመት 3 ሳምንት ጅዳ ይገኛል፤ ጽሑፎቻቸው በሌሎች ብዙ በሚጠቀሱላቸው ተመራማሪዎች መዝገብ ላይም ከስሙ ጎን የጅዳውን ዩኒቨርሲቲ ያስገባል። ያኔ የሻንጋይ የዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ 20 በመቶ ነጥብ ይሰጥ የነበረው ለእንዲህ ያሉ ስሞች ነበርና ዋጋው የሚገርም አይደለም።

እኛን በ72,000 ዶላር የሚጠራን የለም። ሲቪያችን ግን ይዞራል። የዕውቅና ፈቃድ የሚፈልግ ኮሌጅ የመምህራን ፋይል ማሳየት አለበት። ጠመኔ ይዘን ባልቆምንበት ግቢ ፋይላችን የተቀመጠ የለንም?

እዚህስ? በራችን ላይ “በ10 ሰዓት እመለሳለሁ” የሚል ወረቀት አለ። የማስተርስ ተማሪው የቴሲሱን ረቂቅ ታቅፎ ኮሪደር ላይ ቆሟል። በ10 ሰዓት መምህሩ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው፤ የማታ ክፍሉ 11:30 ይጀምራል። ረቂቁን በስልኩ ከፍቶ “ጥሩ ነው፣ ቀጥል” ብሎ ይልካል። ተማሪዎቹ ነቄ ናቸው፤ ከመምጣታቸው በፊት ለጥበቃው ደውለው “ገብቷል?” ይላሉ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሁለተኛው ሥራችን ከነሰዓቱ በቢሮ በራችን ላይ ይለጠፍ። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ተማሪ ሲደለድሉልን ያንን ሰዓት ይቁጠሩ። የግል ኮሌጆችም የቋሚ መምህራኖቻቸውን ስም ተማሪ በሚያየው ሰሌዳ ላይ ያውጡ። ያኔ የተከራየ ስም ካለ ተማሪው ራሱ ይለየዋል።

እኔ የራሴን ዛሬ ጠዋት ለጥፌያለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ የለሁም። ከ8 እስከ 10 ግን አለሁ፤ ካጣችሁኝ ለኃላፊዬ ንገሩ።

አመሰግናለሁ።