በቁምስናችን (በአጥቢያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን) ምእመናን ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ስለ ማስክ ደንብ መሻሻል የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

ክቡር ቆሞሳችን፣ ክቡራን ካህናት፣ ክቡራት ደናግል፣ የቁምስናችን ምክር ቤት አባላት፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለ2014 ዓ.ም. ዓመታዊ ጉባኤያችን እንኳን በደኅና አደረሳችሁ እላለሁ። ከዚህ በፊት በዚህ አዳራሽ አብረውን ይቀመጡ የነበሩ፣ ዛሬ ግን የማናያቸው ወንድሞችና እኅቶች አሉን። ከእነርሱ አንዳንዶቹን እንደ ወጋችን ድንኳን ጥለንና ለቅሶ ተቀምጠን ለመሸኘት እንኳ አልቻልንም ነበር። ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

የሥራ ክንውኑንና የሒሳብ ሪፖርቱን ጸሐፊያችንና ገንዘብ ያዣችን በየተራ ስለሚያቀርቡ እኔ ወደዚያ አልገባም። ጊዜዬን የምሰጠው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ እርሱም በቤተ ክርስቲያናችን ላለፉት ሁለት ዓመታት ሲሠራበት የቆየው የማስክ ደንብ እንዴት ይሻሻል የሚለው ነው። የቁምስናው ምክር ቤት በዚህ ላይ የማኅበራችንን አስተያየት ጠይቋል። ውሳኔው የቆሞሳችንና የሀገረ ስብከታችን እንደሆነ እናውቃለን፤ ሆኖም እሑድ ጠዋት በር ላይ ቆመን ምእመኑን የምንቀበለው፣ ከቅዳሴ በኋላ አግዳሚውን የምናጸዳው፣ በየሰፈሩ ሕሙማንን የምንጠይቀው እኛ ስለሆንን፣ የምንሰጠው አስተያየት በደንብ የታሰበበት ሊሆን ይገባል።

የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ወሩ ሳያልቅ፣ መጋቢት 30፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። በዚያው መጋቢት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ዝናብ እየዘነበ፣ ሰው በሌለበት የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ብቻቸውን ቆመው ሲጸልዩ በቴሌቪዥን አየናቸው። የሕማማት ሳምንት ሥርዓት ያለ ሕዝብ እንዲፈጸምና የእግር አጠባው እንዲቀር የሚያዘው መመሪያም ከሮም መጣ። አገራችን ውስጥም የሃይማኖት አባቶች ሁሉ በአንድነት የመሩት የአንድ ወር ጸሎት ወደየቤታችን ሲተላለፍ፣ ሙስሊሙ ጎረቤታችንና እኛ በየግቢያችን አንድ ጣቢያ ከፍተን አሜን እንል ነበር። ቀጥሎ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ቁጥር 30 ሲወጣ ማስክ ማድረግ፣ አለመጨባበጥና ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራራቅ ግዴታ ሆነ። በበራችን ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ የዚህ ሁሉ ውጤት ነው።

ከተማችን ድሬዳዋ ወረርሽኝን የተማረችው በኮሮና አይደለም። በ2006 ዓ.ም. በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት መጥቶብን ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ እንደዚሁ በትንኝ የሚተላለፈውና መገጣጠሚያን የሚያሳምመው ቺኩንጉንያ ከተማውን ሙሉ በሙሉ አዳርሶ፣ ጤነኛ የነበረው ጎልማሳ ሳይቀር ግድግዳ እየተደገፈ ሲራመድ አይተናል። የጤና ባለሙያዎች ያኔ በየቤቱ እየገቡ የበርሜሉን ክዳን አንሥተው ያዩ የነበረው፣ ትንኟ የምትራባው እኛ ውሃ በምናጠራቅምበት ዕቃ ውስጥ ስለሆነ ነው። በሽታው በትንኝ ሲመጣ በርሜል መክደን፣ በአጎበር መተኛት፤ በትንፋሽ ሲመጣ ግን አየሩን ማናፈስ፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን ነው መፍትሔው። ስለዚህ የማስክን ደንብ ስናሻሽል መጠየቅ ያለብን ጥያቄ «ሰዉ ሰለቸው ወይስ አልሰለቸውም» የሚል አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን አየር የትና መቼ ይታፈናል፣ አፍ ለአፍስ የምንቀራረበው በየትኛው አገልግሎት ላይ ነው ብለን ነው መጠየቅ ያለብን።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የመዘምራን ጉዳይ ነው። በመጋቢት 2012 መጀመሪያ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንድ የመዘምራን ቡድን ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተለማምዶ ነበር። ከተገኙት 61 ሰዎች 53ቱ ታመሙ፣ ከታመሙትም ሁለት ሰዎች ሞቱ። በሩ ላይ ሳኒታይዘር ነበር፤ ተቃቅፎ ሰላም ያለ ሰውም አልነበረም ተብሏል። ዝማሬ ከጥልቅ የሚወጣ ትንፋሽ ነው፤ ደቃቁ ጠብታ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በአየር ላይ ይቆያልና። የእኛም መዘምራን ቅዳሜ ከሰዓት የሚለማመዱበት ክፍል አንድ ትንሽ መስኮት ብቻ ያለው ነው። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ቬንትሌተሩን እንከፍተዋለን፤ ቬንትሌተር ግን መስኮትና በር ካልተከፈተለት ያንኑ አየር ያዟዙረዋል እንጂ አይለውጠውም። በአንጻሩ ዋናው ሕንፃ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በሁለቱም ጎን መስኮት ያለው፣ ሦስት በሮቹ ሲከፈቱ ነፋስ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍበት ነው። ታዲያ ለእነዚህ ሁለት ቦታዎች አንድ ዓይነት ደንብ ማውጣት አግባብ አይመስለኝም።

አንዳንድ ምእመናን፣ በተለይ ወጣቶቻችን፣ «መጀመሪያ ማስክ አያስፈልግም ተባለ፣ ቀጥሎ ግዴታ ሆነ፣ አሁን ደግሞ ይቅር ልትሉ ነው፤ የቱን እንመን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በክብር ሊመለስም ይገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት ጤነኛ ሰው ሁሉ ማስክ እንዲያደርግ አልመከረም ነበር። ምልክት ያላሳየ ሰው ጭምር በሽታውን እንደሚያስተላልፍ ማስረጃው ሲጠነክር፣ በግንቦት 2012 መጨረሻ ምክሩን ቀይሮ፣ ሰው በሚበዛበትና መራራቅ በማይቻልበት ቦታ ባለ ሦስት ድርብ የጨርቅ ማስክ እንዲደረግ አሳሰበ። ማስረጃ ሲመጣ ምክርን መለወጥ የታማኝነት ምልክት ነው። ክትባቱ የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. አገራችን ገባ፤ በኅዳር 2014 ደግሞ ዕድሜው 12 ዓመት የሞላው ሁሉ እንዲከተብ ሰፊ ዘመቻ ተደረገ። ከእኛም መካከል ብዙዎች ተከትበናል፤ ብዙዎችም ታመን አገግመናል። ሁኔታው ተለውጧልና ደንቡም አብሮ ሊለወጥ ይገባዋል።

ስለ ነጠላም አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ፤ እናቶቻችንን ላለመጋፋት ብለን ብዙ ጊዜ ያለፍነው ነገር ነውና። በር ላይ ማስክ ሲጠየቁ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጣል አድርገው «ይኸው» የሚሉ ነበሩ። ነጠላ ስሱ ነው፤ ከአፍንጫ ይንሸራተታል፤ ዜማ ሲጀመርም ይወርዳል። የማኅበራችን ሴቶች ክፍል ይህን አይቶ ከአቡጀዲ የተሰፋ፣ ሦስት ድርብ ያለው፣ በጆሮ ፋንታ ከራስ ጀርባ የሚታሰር ማስክ አዘጋጀ። በጆሮ ላይ የሚገባው ላስቲክ ከመነጽርና ከሻሽ ጋር እየተጣላ ያስቸግራቸው ስለነበር፣ ማሰሪያው ከነጠላው ሥር መግባቱን እናቶች ወደዱት፤ ከዚያም በኋላ በር ላይ ክርክር ቀረ። ይህን የማነሣው ደንብ የሚከበረው በሚለብሰው ሰው አካልና ልማድ ልክ ሲሰፋ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ከዚህ የሚከብደው ግን የድኻው ነገር ነው። በመጋቢት 2012 የማስክ ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ የዕለት ጉርሱን ለማግኘት በቀፊራ ገበያ ዕቃ የሚሸከም ሰው ማስክ ይገዛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም ነበር። ማስክ የሌላት አንዲት እናት ወደ ውስጥ ላለመግባት ብላ፣ በምሥራቅ በኩል ባለው መስኮት ሥር ቆማ፣ የብረት ፍርግርጉን በሁለት እጇ ይዛ ስታስቀድስ ያያት ሰው ነው በር ላይ ያለው የማስክ ሣጥን እንዲቀመጥ ሐሳብ ያቀረበው። ደንቡ ቢላላም ሣጥኑ አይነሣም። ለእርሱ የሚያስፈልገው ወጪ በዘንድሮው በጀት ተይዞ እንዲቀጥል ሥራ አመራሩ በአንድ ድምፅ ተስማምቷል፤ ጉባኤውም እንዲያጸድቀው እጠይቃለሁ።

በሌላ በኩል ማስክ ያራቃቸው ሰዎችም አሉ። ጆሯቸው የደከመ አዛውንቶቻችን የሰባኪውን ከንፈር እያዩ ነበር ስብከት የሚከታተሉት፤ ካህኑ አፉን ሲሸፍን ስብከቱ ከእነርሱ ራቀ። በዚህ የተነሣ ንባብ የሚያነብና የሚሰብክ ሰው ከሕዝቡ በቂ ርቀት ላይ ቆሞ ማስኩን እንዲያወልቅ ካሁን ቀደም ተፈቅዷል፤ ይህም ይቀጥል እንላለን። አምስት ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ሕፃናትም ማስክ እንዲያደርጉ መገደድ እንደሌለባቸው የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2012 ነሐሴ ያወጡት ምክር ይገልጻል። ስለዚህ ሕፃን ይዛ የመጣችን እናት በር ላይ ማስጨነቅ ፈጽሞ መቆም አለበት።

እንግዲህ ሥራ አመራሩ ለውይይት የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በእሑድና በበዓል ቅዳሴ፣ በሮቹና መስኮቶቹ በሙሉ ክፍት እስከሆኑ ድረስ፣ በዋናው ሕንፃ ማስክ ማድረግ ለእያንዳንዱ ምእመን ምርጫ ይተው። ነገር ግን አየር በሚታፈንባቸውና ሰው ለሰው በምንቀራረብባቸው ቦታዎች፣ ማለትም በመዘምራን መለማመጃ ክፍል፣ በኑዛዜ ጊዜ፣ ቅዱስ ቁርባን ወደ ሕሙማን ቤት ሲወሰድና ሕሙማን ሲጠየቁ ግዴታነቱ ይጽና። ቅዱስ ቁርባን የሚያድለው ካህን ወይም አገልጋይ እጁን በሳኒታይዘር አጽድቶና ማስክ አድርጎ ያድል፤ ምእመኑ ማስኩን የሚያወርደው ቁርባኑን በእጁ ከተቀበለና አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ካለ በኋላ ይሁን። በአፍ መቀበል የሚሹ ደግሞ በሰልፉ መጨረሻ ላይ እንዲቆሙ ቆሞሳችን ያሳዩን ሥርዓት እስካሁን ያለ ችግር ስለሠራ እንዲቀጥል እንጠይቃለን።

በሰሜኑ በር በኩል ያሉት አግዳሚዎች ርቀት ጠብቀው መቀመጥ ለሚፈልጉ ብቻ ይተዉ። የስኳርና የአስም ሕመምተኞች፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን በዚያ ሲቀመጡ አጠገባቸው የሚቀመጠውም ማስክ ያድርግ። ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት ሰው ቤቱ ይቆይ፤ ታሞ እሑድ ያላስቀደሰ ሰው ኃጢአት እንደሌለበት ካቴኪስቶቻችን (የትምህርተ ክርስቶስ መምህራኖቻችን) ደጋግመው ያስተምሩ፤ ምክንያቱም እናቶቻችን እያሳላቸው እየተንገዳገዱ የሚመጡት ግዴታቸውን ያጎደሉ እየመሰላቸው ነው። የከተማችን ጤና ቢሮ በሽታው እንደገና መጨመሩን ካሳወቀ ደግሞ፣ ቆሞሳችን ስብሰባ መጥራት ሳያስፈልጋቸው የቀድሞውን ደንብ በዚያው እሑድ እንዲመልሱ አስቀድመን ሙሉ ስምምነታችንን እንስጣቸው። በዚህ በ2014 ዓ.ም. ከዓለም የጤና ባለሥልጣናት ወረርሽኙ አበቃ ያለ የለምና።

እኔን በግሌ የሚያሳስበኝ ግን በወረቀት ላይ የማይሰፍረው ነገር ነው። ትናንት ማስክ ያላደረገውን በዓይናችን እንገሥጽ ነበር፤ ከነገ ጀምሮ ደግሞ ማስክ ያደረገውን «አሁንም ትፈራለህ?» ብለን እንዳናሸማቅቅ እፈራለሁ። አንድ ሰው ማስክ የሚያደርገው ቤቱ የካንሰር ሕክምና የምትከታተል እኅት ስላለችው ሊሆን ይችላል፤ ሌላው የሚያወልቀው ትንፋሽ ስለሚያጥረው ሊሆን ይችላል። ለማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም። በር ላይ የምንቆም አስተናጋጆች ከእንግዲህ ማንንም «ለምን አደረግህ» ወይም «ለምን አላደረግህም» ብለን እንዳንጠይቅ፣ ሥራችን ሣጥኑን ማሳየትና ቦታ መጠቆም ብቻ እንዲሆን አጥብቄ አሳስባለሁ። የካፑቺን ገዳማዊ ማኅበር አባቶቻችን ከመቶ ዓመት በፊት በሐረር የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሰብስበው ሲያስታምሙ፣ ሌላው ሰው የሸሸውን ወደ ራሳቸው አቅርበው ነበር። ቤተ ክርስቲያን በዚህ በምሥራቁ ክፍል የታወቀችው በዚህ ነውና፣ ደካማ የሆነ ሰው በእኛ ቤት መሳቀቅ አይገባውም።

ለቀብርና ለለቅሶ የሚወጣው ደንብ ግን ከዚህ ተለይቶ ሊታይ ይገባል፤ በከተማችን ለቅሶ ላይ የሚገኘው ሁሉም ሃይማኖት ስለሆነ ከዕድሮቹ ጋር ሳንመካከር ብቻችንን ልንወስነው አንችልም። ለዚህ ከዕድር ዳኞቹ ጋር የሚነጋገሩ ሦስት ሰዎች ጉባኤው ዛሬ እንዲመርጥ በአጀንዳው ተይዟል።

አሁን በመካከላችን የተገኙት የጤና ባለሙያ ስለ አየር ማናፈሻና ስለ ማስክ አጠቃቀም አጭር ማብራሪያ ይሰጡናል፤ ከዚያ በኋላ ያነበብኩት የውሳኔ ሐሳብ አንቀጽ በአንቀጽ ለውይይት ይቀርባል። ተቃውሞ ያለው አባል ሐሳቡን ሳይሸሽግ እንዲናገር፣ መናገር የሚከብደው ደግሞ በጽሑፍ ለጸሐፊያችን እንዲሰጥ እየጠየቅሁ፣ ጉባኤው መከፈቱን በአክብሮት አስታውቃለሁ።