የሐሙሱን ሜዳ ለሴቶቹ
(ጅማ፣ በትምህርት ቤታችን የስፖርት ሳምንት መዝጊያ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበሩ ርዕሰ መምህራችን፣ የወላጅ ኮሚቴ አባላት፣ ባልደረቦቼ፣ ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

የመዝጊያውን ንግግር አንቺ አድርጊ ተብዬ የተሰጠኝ ወረቀት «ስፖርትና ጤና» ይላል። ስለ ጤናው ቅድም ሲስተር በደንብ ነግረውናል። እኔ የማወራው ስለ ክሪኬት ነው። ይኸው፣ ሳቃችሁ። ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ። የመምህራን ክበብ ውስጥ ክሪኬት ባልኩ ቁጥር አንድ ሰው ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ይሸፍናል።

ጥቅምት 23 ቀን 2018፣ እሑድ ማታ፣ የህንድ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ናቪ ሙምባይ ላይ ደቡብ አፍሪካን በ52 ነጥብ አሸንፎ የዓለም ዋንጫን ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳ። እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ሰፈሬ ያላችሁ ወላጆች ያን ማታ «ምን ሆና ነው?» ስትሉ ነበር አሉ። መልሱ ይሄው ነው።

ኢትዮጵያዊት ሆነሽ የህንድ ደጋፊ የሚያደርግሽ ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። እስቲ እጅ አውጡ፤ ከዚህ አዳራሽ ሂሳብ ወይም ፊዚክስ በህንድ መምህር የተማራችሁ ስንት ናችሁ? አያችሁ? ግማሹ አዳራሽ ነው። እኔ ደግሞ ግቢያችን ተከራይተው የሚኖሩ ህንዳዊ የዩኒቨርሲቲ መምህርና ባለቤታቸው ነበሩ። ባለቤትየው ማታ ማታ ቴሌቪዥን ላይ ክሪኬት ሲያዩ እናቴ ቡና ይዛ ትገባለች፣ እኔም ተከትዬ። እናቴ እስከ ዛሬ ሕጉ አልገባትም። ግን ማን ሊወጣ እንደሆነ ከፊታቸው ታውቅ ነበር።

ሕጉን ባጭሩ ልንገራችሁ። በየቡድኑ አስራ አንድ ተጫዋች አለ። ሜዳው መሀል ሃያ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጠባብ መሬት አለ። በሁለቱም ጫፍ ሦስት ሦስት እንጨት ቆሟል፤ አናታቸው ላይ ሁለት ትንንሽ ጭራሮ ተጋድሟል። አንዷ ትወረውራለች። ሌላዋ በመምቻዋ እንጨቱን ትጠብቃለች። መትታ፣ ወዲያ ጫፍ ካለችው ጓደኛዋ ጋር ሮጠው ቦታ ከተለዋወጡ አንድ ነጥብ ነው። ኳሷ መሬት ለመሬት ሄዳ ከድንበር ከወጣች አራት፣ በአየር ካለፈች ስድስት። እንጨቱ ከተመታ፣ ወይም የመታችው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተያዘ፣ በቃ ወጣች። አስር ሰው ከወጣ ወይም 300 ኳስ ካለቀ ተራው ይቀየራል። ሁለተኛው ቡድን የመጀመሪያውን ነጥብ ለማለፍ ይመታል። እግር ላይ ስለሚያርፍ ኳስም አንድ ሕግ አለ፤ እሱን ቡና ለሚጋብዘኝ ነው የማስረዳው።

ሜዳ ላይ ገና ተጫውቶ ያደገ ሰው ይሄ ሊከብደው አይገባም። ዱላና ኳስ እኮ ለኛ እንግዳ አይደለም።

አሁን ወደ ግማሽ ፍጻሜው ልውሰዳችሁ። ጥቅምት 20፣ ሐሙስ። ተጋጣሚዋ አውስትራሊያ ናት። አውስትራሊያ በሴቶች ክሪኬት ያኔ የዋንጫው ባለቤት፣ የሁሉም ራስ ምታት ነበረች። መጀመሪያ መታችና 338 ነጥብ ሰበሰበች። በሴቶች የ50 ኦቨር፣ ማለትም ባለ 300 ኳሱ፣ ጨዋታ ታሪክ እንዲህ ያለ ነጥብ ተከትሎ ያሸነፈ ቡድን አልነበረም። የኛ ሰፈር መብራት ደግሞ ልክ ህንድ መምታት ስትጀምር ሄደ። ስልኬ ባትሪው ሊያልቅ ነው። ከፈረንጅ አራዳ በታች ያለች አንዲት ጀነሬተር ያላት ካፌ ትዝ አለችኝና ወጣሁ። ዝናቡን አትጠይቁኝ። ደርሼ አስተናጋጁን «ወንድሜ፣ ስልኬን ሰካልኝ» አልኩት። «ምን እያየሽ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ማን እየመራ ነው?» ሲለኝ ግራ ገባኝ፤ ክሪኬት ላይ ይሄ ጥያቄ ቀላል መልስ የለውም። «ገና 150 ይቀራቸዋል» አልኩት። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ጀሚማ ሮድሪገስ የምትባል ልጅ ነበረች የምትመታው። በዚያው ውድድር ከቡድኑ ተቀንሳ ቁጭ ብላ የተመለከተችው ጨዋታ አለ። ያን ማታ ግን አልወጣም አለች። ልብሷ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። 127 ነጥብ አስቆጥራ፣ ሳትወጣ፣ ዘጠኝ ኳስ ሲቀር ጨዋታውን አሸነፉ። ከዚያ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። አስተናጋጁ የሻዩን ሂሳብ አልቀበልም አለኝ። እንግዲህ አንድ ደጋፊ አፍርተናል ማለት ነው።

ፍጻሜው ላይ ደግሞ ሻፋሊ ቨርማን እዩልኝ። መጀመሪያ ቡድኑ ውስጥ እንኳ አልነበረችም። ሌላ ተጫዋች ስትጎዳ በመጨረሻው ሰዓት ተጠራች። መጥታ 87 ነጥብ መታች፤ ኳስ ስጧት ሲባል ደግሞ ሁለት ሰው አስወጣች። የደቡብ አፍሪካዋ አምበል ላውራ ቮልቫርት መቶ ነጥብ አልፋ ጨዋታውን ልትነጥቅ ስትል አንድ ኳስ ወደ ሰማይ ላከች። አማንጆት ካውር ከድንበሩ በኩል እየሮጠች መጣች። ኳሷ እጇ ላይ ነጠረች። ደገመች፣ አሁንም ነጠረች። በሦስተኛው፣ እየወደቀች፣ በአንድ እጇ ያዘቻት። እባካችሁ ይሄን ቪዲዮ ቤታችሁ ሄዳችሁ እዩት።

ይቺ ሻፋሊ ልጅ እያለች ሮህታክ በምትባል ከተማዋ ሴት ተቀብሎ የሚያሰለጥን አጥታ ነበር። አባቷ ፀጉሯን እንደ ወንድ ልጅ አስቆረጧትና ከወንዶቹ ጋር ተጫወተች። ከሷ በፊት የነበሩትማ ለብሔራዊ ቡድን እየተጫወቱ ወንበር ባልያዙበት ባቡር ሲጓጓዙ ኖረዋል። በፈረንጆቹ 2005 ፍጻሜ ደርሰው ተሸነፉ። በ2017 በዘጠኝ ነጥብ ተሸነፉ። በመጨረሻ ሲያሸንፉ አዲሶቹ ልጆች ዋንጫውን ወስደው ለነዚያ ለቀደሙት፣ ለሚታሊ ራጅና ለጁላን ጎስዋሚ አስያዟቸው። አንድ ነገር ልጨምር፤ የክሪኬት የዓለም ዋንጫ መጀመሪያ የተካሄደው የሴቶቹ ነው፣ በፈረንጆቹ 1973። የወንዶቹ ሁለት ዓመት ቆይቶ መጣ። ይሄን ለወንድሞቻችሁ ንገሩልኝ፣ ልጆች።

እንግዲህ ወደ መጣሁበት ልግባ። ርዕሰ መምህራችን እንዳይቆጡኝ፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።

የዚህ ትምህርት ቤት ሜዳ የማን ነው? በሳምንት አምስት ቀን ከሰዓት ማን ነው የሚጫወትበት? ወንዶቹ። ሴቶቹስ የት ናቸው? ዳር። ጃኬት ይዘው፣ ሞባይል ይዘው፣ ቦርሳ ጠብቀው። «ያዢልኝ!» ብሎ ወርውሮላት ይሮጣል። በስፖርት ክፍለ ጊዜ እንኳ ኳሱ አንድ ሲሆን የወንዶቹ ነው፣ ሁለት ሲሆንም የወንዶቹ ነው። አንድ ከሰዓት ለሴቶች ስጡን ብዬ ጠይቄአለሁ። የተሰጠኝ መልስ «ዝናቡ ሲቆም እናየዋለን» ነው። ጅማ ላይ! ጅማ ላይ ዝናቡ ሲቆም! ወንዶቹ በዚያው ዝናብ ሲጫወቱ ጭቃው አይነካቸውም እንዴ?

ሌላው መልስ «ሴቶቹ ራሳቸው አይፈልጉም» የሚል ነው። አይፈልጉም? ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? አናጢ ከጣለው ጣውላ መምቻ ሠርተዋል። የቴኒስ ኳስ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልለዋል። እንጨቱን ጀሪካን ላይ አፈር ሞልተው አቁመዋል። የስምንተኛ ክፍል ልጅ አለች፣ ስሟን አልጠራም፣ በዩኒፎርም ቀሚስና በፕላስቲክ ጫማ የምትይዘው ኳስ አማንጆትን ያስንቃል። የመምህራን ማረፊያው መስኮት የተሰበረውም እዚያ ነው። ካሳ ክፈሉ ተባሉ። ከፍለዋል። ግን ሜዳ ቢሰጣቸው ኖሮ መስኮቱ ምን አገናኘው?

እኛ እኮ የደራርቱ አገር ልጆች ነን! በ1984 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ስታሸንፍ ሴት ናት ብሎ ወርቁን የመለሰ አለ? ሲያሸንፉልን «የኛ ጀግኖች»፣ ሲለማመዱ «ዳር ቁሙ»! ይሄ አያስኬድም። የእግር ኳስ ክለባችን አባ ጅፋር በ2010 ዋንጫ ሲያነሳ ጅማ መንገድ ላይ ወጥቶ ሲጨፍር ሴቶቹ አልነበሩም እንዴ? ድምፃችን እስኪዘጋ የጮህነው ማን ሆነን ነው?

የምጠይቀው ቀላል ነው። ሐሙስ ከሰዓት ሜዳው የሴቶቹ ይሁን። ክሪኬት ይጫወቱበት፣ እግር ኳስ ይጫወቱበት፣ ሲፈልጉ ቁጭ ብለው ያውሩበት፤ ሰዓቱ ግን የነሱ ነው። ሁለት ኳስ ይገዛ። የልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ቁልፍ ይሠራለት። የወላጅ ኮሚቴው ስለ በጀቱ የሚለው ካለ ከሻይ በኋላ እንነጋገር። እናንተ ወንዶች ልጆቼ ደግሞ፣ ሐሙስ ኑና ኳስ አቀብሉ። ጃኬታቸውን የምትይዙላቸውም እናንተ ናችሁ።

ርዕሰ መምህራችን ከኔ ቀጥሎ ስለሚናገሩ መልሱን እዚሁ፣ በወላጆች ፊት፣ ይንገሩን። አመሰግናለሁ።