እዚያ ማን አለን?

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ሻንጣ ላወራችሁ ነው።

እኛ ቤት ቁምሳጥኑ በር ላይ አንዲት ትንሽ የሻንጣ ሚዛን ተንጠልጥላለች። መንጠቆ ያላት፣ ሻንጣውን አንጠልጥላችሁ ብድግ የምታደርጉባት። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ የሐበሻ ቤት ውስጥ አይቻታለሁ። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ ይፈቀዳል፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። እማዬ 22 ኪሎ ተኩል ላይ ሻንጣ ዘግታ አታውቅም። ግማሽ ኪሎ ከተረፈ፣ ያ ግማሽ ኪሎ የሆነ ሰው ድርሻ ነው። የልጅ ካልሲ ይገባበታል። አንድ ብልቃጥ ቫይታሚን ይገባበታል።

ከዚያ ሁሉ ውስጥ የእሷ የራሷ ነገር ስንት ነው? ሁለት ቀሚስና የውስጥ ልብስ፣ እሱም የእጅ ሻንጣዋ ውስጥ። ሌላው የሰው ነው። የአክስቴ የደም ግፊት መለኪያ። የጎረቤት ልጅ ስኒከር። በመጨረሻው ሌሊት "እባክሽ ይቺን ብቻ" ተብሎ በር ድረስ የመጣ ፌስታል። ስትመለስም እንደዚያው ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፤ ግማሹ የሰው አደራ።

ባለፈው ግንቦት ክሩዝ፣ ማለትም የመርከብ ሽርሽር፣ ይዣት ሄድኩ። ከባልቲሞር ወደ ቤርሙዳ፣ አምስት ሌሊት። ከአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ ጡረታ የወጣችበት ጊዜ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፣ አብዛኛውን በሌሊት ፈረቃ። ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ "እዚያ ማን አለን?" ብላ ነው። ማንም የለንም አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ "ታዲያ ምን ይዘን ነው የምንሄደው?" አለችኝ።

ይቺ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብላ ነው ዛሬ ማይኩን የከፈትኩት።

ክሩዝ ላይ፣ በተለይ በመኪና ወደብ ድረስ ስትሄዱ፣ ሻንጣ የሚመዝንባችሁ የለም። ከእኛ ቤት ባልቲሞር ወደብ አርባ ደቂቃ ገደማ ነው። የአውሮፕላን ኪሎ የለ፣ ተጨማሪ ክፍያ የለ። ስለዚህ ሰው የቤቱን ግማሽ ይጭናል። እኔም ጭኜ አውቃለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለአምስት ሌሊት ስሄድ ዘጠኝ ቀሚስና አምስት ጫማ ይዤ ነበር። መስኮት የሌለው የመርከብ ክፍል ብዙውን ጊዜ ስፋቱ 14 ካሬ ሜትር ቢሆን ነው። ሦስት ሰው፣ ሦስት ትልልቅ ሻንጣ። ማታ መታጠቢያ ቤት ለመግባት ሻንጣ እየተሻገርን ነበር። ከዘጠኙ ቀሚስ የለበስኩት ሦስቱን ነው።

የዚያን ጊዜ ሌላም ነገር ተማርኩ። ወደቡ ላይ ትልቁን ሻንጣ በር ላይ ትሰጣላችሁ። የክፍል ቁጥራችሁ ያለበት ወረቀት ይታሰርበትና ይሄዳል። እናንተ ቀትር ላይ ትገባላችሁ፣ ሻንጣው ክፍላችሁ በር ላይ የሚደርሰው አንዳንዴ ማታ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው ሻንጣ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል። እኔ የማይግሬን መድኃኒቴን እሱ ውስጥ ከትቼ ነበር። ራሴን ያመመኝ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፣ ከቀትር በኋላ። ሻንጣው የመጣው እራት ተበልቶ ካለቀ በኋላ። ያን ሁሉ ሰዓት ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝቼ፣ መርከቧ ከወደብ ስትወጣ ጓደኞቼ ዴክ ላይ፣ ክፍት በሆነው የመርከቧ ወለል ላይ፣ እጃቸውን ሲያወዛውዙ አላየሁም።

ስለዚህ እማዬን ስወስድ አንድ ነገር ወሰንኩ። ለእያንዳንዳችን አንድ የእጅ ሻንጣና አንድ የትከሻ ቦርሳ። ለማንም የማንሰጠው፣ ራሳችን እየጎተትን የምንገባበት። መድኃኒቷ በየራሱ ብልቃጥ፣ ፓስፖርቶቻችን፣ ግሪን ካርዷ፣ መነጽሯ፣ ሁሉም ከትከሻዋ በማይወርደው ቦርሳ ውስጥ። ከዚህ ሁሉ ምክር አንድ ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ። መድኃኒት ከእጅ አይለይም።

ማሸጉ ሁለት ምሽት ፈጀብን። ልብሱ አይደለም የፈጀው። ልብሱ ቀላል ነበር። ለእሷ ሁለት ሱሪ፣ አራት ከላይ የሚለበስ፣ አንድ ሹራብ፣ አንድ ቀለል ያለ ቀሚስ። አንዱን ጫማ እግሯ ላይ፣ ነጠላ ጫማዋን ሻንጣ ውስጥ። የተለበሰውን ማታ በሳሙና ለቅለቅ አድርጎ ማስጣት ይቻላል። ብዙ መርከቦች ሻወር ውስጥ የምትጎተት ቀጭን የልብስ ገመድ አላቸው። የክፍሉ ግድግዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብረት ነው። አራት የማግኔት መንጠቆ ይዤ ሄጄ ኮፍያውን፣ ቦርሳውን፣ ሹራቡን ሁሉ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ባዶውን ሻንጣ አልጋ ሥር ከተትነው።

ከባዱ ጀበናው ነበር። እማዬ ጀበና፣ ስድስት ስኒ፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃና ዕጣን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ጠበቀችኝ። "አምስት ቀን ያለ ቡና?" አለችኝ። መርከብ ላይ የሚግል ነገር እንደማይፈቀድ ነገርኳት። ምድጃ፣ ካውያ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ሁሉም ክልክል ነው፣ ወደቡ ላይ ፍተሻው ጋ ያስቀሩታል። ምክንያቱን ስነግራት ወዲያው ገባት። ባሕር መሀል እሳት ቢነሳ ሮጦ የሚወጣበት ደጅ የለም። "እውነታቸውን ነው" ብላ ጀበናውን መለሰችው። ስኒዎቹን ግን አንድ በአንድ በጨርቅ ስትጠቀልል አየኋት፤ ወደ ቁምሳጥን ለመመለስ ነው፣ ግን እጇ በጣም ቀስ ይል ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። ስድስት ስኒ ለሁለት ሰው አይደለም። መርከብ ላይ ለምታገኘው ሰው ነው። ባዶ እጇን ሰው መሀል መግባት ከብዷት ነበር።

አቅፌያት ትንሽ ቆየን። ከዚያ "እማዬ፣ አንድ የምትወጂውን ነገር ያዢ፣ ለራስሽ" አልኳት። ነጠላዋን አመጣች።

ስለዚያ ነጠላ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አንድ ቀን ሙሉ ስለ እሱ ባወራ ደስ ይለኛል። ሲታጠፍ ከሁለት መዳፍ አይበልጥም። ክብደት የለውም። የመመገቢያው አዳራሽ ኤሲው ብርድ ነው፣ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። ዴክ ላይ ንፋሱ ሲበረታ ጭንቅላቷን ጠቀለለችበት። አሸዋው ላይ ከፀሐይ ተከለለችበት። ሁሉም አምሮ በሚለብስበት ምሽት፣ በዚያ በቀላል ቀሚሷ ላይ ጥለቱን ወደ ፊት አድርጋ ስትለብሰው፣ ጠረጴዛችን ላይ የነበሩ አንዲት አሮጊት ጨርቁን ዳስሰው "በእጅ የተሸመነ ነው?" ብለው ጠየቋት። እናቴ ስለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች በዚያች በምታውቃት እንግሊዝኛ ሩብ ሰዓት አወራቻቸው። ስድስት ስኒ ይዛ ልታደርገው ያሰበችውን በአንድ ጨርቅ አደረገችው።

ከባልቲሞር ስንወጣ የሆነውንም ልንገራችሁ። መርከቡ ወደ ቼሳፒክ ባሕር ሰላጤ የሚወጣው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በነበረበት በኩል ነው። ታስታውሱ ይሆናል፣ በማርች 2024 አንድ የኮንቴይነር መርከብ ሌሊት መትቶት የተደረመሰው። ድልድዩ ላይ አስፋልት ሲጠግኑ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞተዋል፣ ሁሉም ከላቲን አሜሪካ የመጡ ስደተኞች። ቦታው ላይ ስንደርስ ዴኩ ላይ ብዙ ሰው ዝም አለ። እማዬ አማተበች። "ነፍሳቸውን ይማር" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "የሌሊት ሥራ ላይ ነበሩ አይደል?" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ውሃውን እያየች ነጠላዋን ሳብ አደረገች።

ቤርሙዳ ሁለት ቀን ቆየን። ብዙ ሰው ካሪቢያን ይመስለዋል፣ ግን አትላንቲክ መሀል ብቻዋን ያለች ደሴት ናት፣ ከሰሜን ካሮላይና ጠረፍ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ። መርከቡ ከሚቆምበት ከዶክያርድ ወደ ዋና ከተማዋ ሃሚልተን በፌሪ ጀልባ ሃያ ደቂቃ ነው። እዚያ በዋና ልብስ ከተማ መግባት ነውር ነው፣ ስለዚህ ያቺ ቀለል ያለች ቀሚስ በደንብ አገለገለች። ሃሚልተን ውስጥ የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አለ፣ የአንግሊካን ነው። ስሙን ስነግራት "ሥላሴ? እንደኛው?" ብላ እርምጃዋን አፈጠነች። ደጁ ላይ ነጠላዋን አጣፋችና ገባች። ሻንጣ ላይ ቦታ ያጣ ሁሉ ነገር ትዝ አላለኝም እዚያ ስቀመጥ።

ፒንክ አሸዋ ያለበት ሆርስሹ ቤይም ሄድን። ቀለሙ የሚመጣው ቀይ ቅርፊት ካላቸው ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ነው። ቆንጆ ነው፣ ግን እማዬን የያዛት አሸዋው አልነበረም። ጣሪያዎቹ ናቸው። ቤርሙዳ ውስጥ ወንዝ የለም። ቤቶቹ ሁሉ ነጭ፣ ደረጃ ደረጃ ያለው የድንጋይ ጣሪያ አላቸው። ዝናቡ በዚያ ይወርድና ከቤቱ ሥር ባለ ጉድጓድ ይጠራቀማል። የሚጠጡት እሱን ነው። እማዬ አውቶቡስ መስኮት ላይ ተለጥፋ ልጅ ሆና ክረምት ላይ ከቆርቆሮው ሥር በርሜል ሲደቅኑ የነበረውን አጫወተችኝ። እንሥራ ውስጥ በሊትር ስንት እንደሚገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ለምን እንደሚደፋ፣ ማን ከማን ጋር በርሜል እንደተጣላ። ሰላሳ ዓመቴ አልፏል፣ ይህን ወሬ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ አንድ ነገር ስናሽግ ወይ አንድ ነገር ስናደርስ ነው የምንገናኘው።

ፌሪው አጠገብ ካሉት ሱቆች አንዱ ውስጥ አጣኋትና ደነገጥኩ። ሳገኛት ትንንሽ የሻይ ፎጣዎች በእጇ ይዛ እየቆጠረች ነው። "ለአልማዝ፣ ለእትዬ፣ ለታች ቤት ልጆች..." ልከለክላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ደስ ብሏት ነበር። ሦስት ፎጣ ገዛች። ቦርሳዋ ውስጥ ገቡ።

መጨረሻው ሌሊት ላይ ብዙ ሰው ሻንጣውን ኮሪደር ላይ ያወጣል፣ ሠራተኞቹ ሰብስበው ጠዋት ወደብ ላይ ይሰጡታል። ያንን ከመረጣችሁ ጠዋት የምትለብሱትን ሳትረሱ አስቀሩ። እኛ ግን ራሳችን ይዘን የምንወርድ ስለሆንን ከመጀመሪያዎቹ ጋር ወጣን። እማዬ ሻንጣዋን በአንድ እጇ እየጎተተች መሰላሉን ወረደች። ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ብላ ሌላኛውን እጇን አየችው። ከዚያ ክንዴን ያዘች።

አሁን ለጥር ወደ አዲስ አበባ ቲኬት ቆርጠናል። ሚዛኗ ከቁምሳጥኑ በር ወርዳለች። ሁለት ሰው፣ አራት ሻንጣ፣ 92 ኪሎ። ሳሎኑ ከአሁኑ በፌስታል ሞልቷል፣ ሦስቱ ፎጣዎችም እዚያው ውስጥ ናቸው። ይሁን፣ እወደዋለሁ፤ እናቴ ሰው የምትወደው በዚህ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት። ከአራቱ ሻንጣ ባንዱ ውስጥ ሁለት ኪሎ የአንቺ ይሁን አልኳት። ትናንት ማታ ሳይ ነጠላዋን ከላይ አስቀምጣለች። አጠገቡ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ስኒ አለ።

በሉ እንግዲህ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።