ሰከንዱ የት ይቀራል?

የተከበራችሁ ዋናተኞች፣ አሰልጣኞች፣ በዚህ የጠዋት ብርድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፤ እንደምን አደራችሁ!

ዛሬ የምናወራው ስለ ነፃ ቀዘፋ ነው፤ በደረት ተኝቶ ሁለቱን እጅ እያፈራረቁ ስለሚዋኘው። ከሥራና ከትምህርት በተረፈው ጊዜ የሚዋኝ ሰው ሰዓቱ አልሻሻል ሲለው “ጉልበት አነሰኝ” ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያነሰው ጉልበት አይደለም። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ፍጥነታችሁን እጥፍ ብታደርጉ ውሃው ወደ ኋላ የሚይዛችሁ ኃይል አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከመበርታት በፊት ውሃውን ቀጥኖ ማለፍ ይቀድማል።

ያላችሁበትን ቦታም አስቡት። ለገጣፎ ሆነ ሰበታ፣ ቡራዩ ሆነ ሱሉልታ፣ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ነን። ስስ አየር ለአጭር ርቀት ሯጭ አንድ ውለታ ይውልለታል፤ ሲሮጥ ብዙ አይጋፋውም። ዋናተኛ ግን ኦክስጅኑ ይቀንስበታል እንጂ ውሃው አይሳሳለትም። በየሦስት ቀዘፋ መተንፈስ የግድ ነው ብላችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ፤ በውድድር ላይ በየሁለቱ ተንፍሱ። በአንድ ትንፋሽ ገንዳ የመሻገር ፉክክር ደግሞ ፈጽሞ አይደረግ። ከመጥለቅ በፊት ደጋግሞ በኃይል መተንፈስም እንዲሁ፤ ሰው ትንፋሽ እንዳጠረው ሳይታወቀው ውሃ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል።

ሰዓት ከመያዛችሁ በፊት ገንዳውን በሜትር ለኩት። የሆቴልና የመዝናኛ ገንዳ ሁሉ 25 ሜትር አይደለም። 22 ሜትር ከሆነ አራት ጊዜ ስትሻገሩት የዋኛችሁት 88 ሜትር ነው፤ ያንን እንደ 100 ሜትር ሰዓት ይዛችሁ ውድድር ብትገቡ ትደነግጣላችሁ።

ቀጥሎ አንድ 25 ሜትር ዋኙና ሰከንዱንና የእጅ ቀዘፋውን ደምሩ፤ እያንዳንዱ እጅ እንደ አንድ ይቆጠራል። 23 ሰከንድ በ22 ቀዘፋ ከሆነ 45 ነው። በየሳምንቱ መዝግቡት። ቀዘፋው ቀንሶ ሰከንዱ ከጨመረ እጃችሁን ከፊት ዘርግታችሁ እየቆማችሁ ነው፤ ቀዘፋው በዝቶ ሰከንዱ ካልቀነሰ ደግሞ እጃችሁ ውሃ አይዝም።

የማይዝበት ምክንያት በአብዛኛው ክርን ነው። እጅ ውሃ ከገባ በኋላ ክርን ቀድሞ ከወደቀ መዳፍ ውሃውን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ያ ደረትን ያነሳል እንጂ ወደፊት አያስኬድም። ክርኑን ከፍ አድርጋችሁ መዳፍና ክንድ አንድ ላይ ወደ ኋላ እንዲገፉ አድርጉ። ለዚህ 25 ሜትር በተጨበጠ እጅ ዋኙ፣ ቀጣዩን 25 ጣታችሁን ዘርግታችሁ፤ አራት ጊዜ ደጋግሙት። ጡጫ ሲሆን የሚይዝላችሁ ክንዱ ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማችኋል።

ጭንቅላት ከተነሳ እግር ይሰምጣል። ዓይናችሁ ወለሉን ይይ፤ ስትተነፍሱ አንዱ የመነጽር መስታወት ውሃ ውስጥ ይቅር። አየሩን ፊታችሁ ውሃ ውስጥ እያለ አውጡት፤ ከውሃ በላይ ያለችው አፍታ ለማስገባት ብቻ ናት።

ሩጫ ለምትወዱ፦ የሯጭ ቁርጭምጭሚት ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው፤ እግር እንደ መንጠቆ ከታጠፈ ምቱ ወደ ኋላ ይጎትታል። ተንበርክካችሁ የእግራችሁን ጀርባ መሬት አስነክታችሁ ተረከዛችሁ ላይ ለ30 ሰከንድ ተቀመጡ፣ ሦስት ጊዜ። ጉልበት ካመማችሁ ተዉት። ምቱ ከዳሌ ይነሳ፤ ብስክሌት እንደመንዳት ጉልበት አይታጠፍ።

አሁን ብዙ ሰው የሚንቀው ግድግዳው። በ25 ሜትር ገንዳ 100 ሜትር ስትዋኙ ግድግዳው ላይ ሦስት ጊዜ ትዞራላችሁ፤ በዞራችሁ ቁጥር አንድ ሰከንድ ብታተርፉ ሦስት ሰከንድ ነው፤ ያንን በክንድ ለማምጣት ወራት ይፈጃል። ስትቃረቡ ቀና ብላችሁ ግድግዳውን አትፈልጉ፤ ወለሉ ላይ ያለውን መስመር እዩ። አገጭ ወደ ደረት፣ ጉልበት ወደ ሆድ፣ ግልብጥ። እግራችሁ ከውሃው ገጽ 30 ወይም 40 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይረፍ። በጀርባችሁ እንዳላችሁ ግፉ፤ በደረት መዞሩ እየሄዳችሁ ይሁን። መዳፍ በመዳፍ ላይ፣ ጆሮ በክንዶች መካከል። ከግድግዳ ርቃችሁ ከተገለበጣችሁ እግራችሁ ባዶ ውሃ ይመታል፤ ከቀረባችሁ ጉልበታችሁ ከልክ በላይ ታጥፎ መግፋት ያቅታችኋል። ከወጣችሁ በኋላ በመጀመሪያው ቀዘፋ አትተንፍሱ። ግልበጣ ለማያውቅ በእጅ ነክቶ በፍጥነት መዞር ይበቃዋል፤ ሕጉ በነፃ ቀዘፋ የትኛውም የአካል ክፍል ግድግዳውን ቢነካ ይቀበላል።

በራስ ዘሎ መግባትን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ፦ መነሻ መድረክ ባለበት ገንዳ ጥልቀቱ ቢያንስ 1.35 ሜትር እንዲሆን የውድድር ሕግ ያዛል። ጥልቀቱን ያልለካችሁበት ቦታ አትዝለሉ፤ ከግድግዳ ገፍታችሁ ጀምሩ።

ልምምዱ ይህን ይመስላል። 100 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ40 የሚዋኝና 1 ደቂቃ ከ36 የሚመኝ ሰው ስምንት ጊዜ 50 ሜትር በ48 ሰከንድ ይዋኝ፤ በየመሃሉ 50 ሰከንድ ይረፍ። እዚህ ከፍታ ላይ እረፍት መቀነስ ትጋት አይደለም፤ ቅርጽ ያበላሻል። አንዱ 50 ሜትር ከሁለት ሰከንድ በላይ ከዘገየ ስድስተኛው ላይም ቢሆን ይቁም። በውድድሩ ቀን የመጀመሪያውን 50 በ47፣ ሁለተኛውን በ49 ያስበው። በ43 የወጣ ሰው ሰባ አምስተኛው ሜትር ላይ ክርኑ ይወድቃል።

አሁን ወደ ገንዳው እንውረድ። ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ በመጀመሪያ አሥር ደቂቃ ትከሻችሁንና ዳሌያችሁን አሙቁ። ከዚያ አራት አራት ሆናችሁ ግቡ፤ አንዱ ሲዋኝ ሌላው ቀዘፋ ይቁጠርለት፣ ሦስተኛው ሰዓት ይያዝለት፣ አራተኛው ዓይኑን ከዋናተኛው አይንቀል።