ይሄን ወስደህ ለማን አሳየኸው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላ የምትሰሙት ዝናቡ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ። ደሴ ናት እንግዲህ። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ፒያሳን ከጠዋት ጀምሮ ውጧታል። ለፎቶ ግን እንዲህ ያለ ብርሃን የት ይገኛል፣ ፊት ላይ ጥላ አይጥልም።

ሰሞኑን አንድ ልጅ "ፎቶ የምታነሳው ለምንድነው?" ብሎ ጻፈልኝ። ለእንጀራ ልለው ነበር። ውሸትም አይደለም፣ ሰርግና ኒካህ ባይኖር የቤት ኪራይ በምን እከፍላለሁ? ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም።

ሰኞ ገበያ ጤና አዳምና ኮሰረት የሚሸጡ እናት አሉ። አምና በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ራቅ ብዬ፣ ሳያዩኝ አነሳኋቸው። የተሰነጣጠቀ እጅ፣ የተሸበሸበ ፊት፣ ዘንበል ያለ ነጠላ። ጥቁርና ነጭ አደረግኩት፣ የፊታቸውን መስመር በኤዲት አጎላሁትና ለጠፍኩት። ላይኩ ጎረፈ። "የወሎ እናት ጽናት" ምናምን ብዬም ጽፌበታለሁ፣ አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል።

በኋላ አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። ፎቶውን ቀረብ አደረጉት፣ ራቅ አደረጉት፣ ከዚያ "ልጄ፣ ነጠላዬ ተጣሞ እያየህ ዝም ትላለህ? ደሞስ እግሬ የታለ?" አሉኝ። ቀጥለው "ይሄን ወስደህ ለማን አሳየኸው?" ሲሉኝ አፌ ተሳሰረ።

እንደገና አንሳኝ አሉ። ተነሱ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ልክ እንደ ድሮ ፎቶ ቤት ቀጥ ብለው ቆሙ። ፈገግ ይበሉ ብላቸው እምቢ። ለእኔ ዓይን ድርቅ ያለ ፎቶ ነው። እሳቸው ግን ታጥቦ ሲደርሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

እኛ ወሎዎች ደግሞ ከካሜራ ጋር የቆየ ነገር አለን። በጥቅምት 1977 ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ኮረም ላይ፣ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች፣ የቀረጸው የረሃብ ምስል ዓለምን ቀስቅሷል፣ ብዙ እርዳታም አምጥቷል። ያን ቀን መጀመሪያ አስፈቅድ ማለት ቀልድ ነው። ግን ምስሉ ተጣብቆብን ቀረ፣ እኔም ሳላውቀው እሱኑ እየፈለግኩ ነበር መሰለኝ፣ ያውም ጠግበው የሚነግዱ፣ በዋጋ የማይቀመሱ ሴትዮ ላይ።

ለልጁ ምን አልኩት መሰላችሁ? ለተነሳው ሰው ላሳየው የማልደፍረውን ፎቶ አልለጥፍም። በቃ፣ ለጊዜው ያለኝ ይሄ ነው።

ያ የመጀመሪያው ፎቶ ግን እስካሁን ገጼ ላይ አለ። ላጠፋው ሦስት ጊዜ ከፍቼ ተውኩት፣ ላይኩ አሳስቶኝ። ሰኞ ሄጄ ስንት ሰው እንዳየው እነግራቸዋለሁ፣ አጥፋ ካሉኝ እዚያው ፊታቸው አጠፋዋለሁ።