የሐምሌ ገንዘብ እና የዘጌ ደን

የተከበራችሁ የገዳማቱ አባቶች፣ የዘጌ እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶች፣ የግብርና ባለሙያዎች፤ እንደምን ሰነበታችሁ!

የዝናብ ደን ሲባል ሐሳባችን ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ወደ ካፋ፣ ወደ ሸካና ወደ ያዩ ይሄዳል። ካፋና ያዩ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010፣ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው ተመዝግበዋል፤ የእኛው ጣና በ2015 ተከተላቸው። በጣና ዳር ያለው የዘጌ ደን እንደ ካፋው ዝናብ አይጠግብም፤ በጋው ረጅም ነው። ነገር ግን እዚያም እዚህም ቡናው ዛፍ ጥላ ሥር ይኖራል፤ ዛፉን የሚጠብቀውም የሚቆርጠውም ያው የቡናው ባለቤት ነው።

ዘጌ ላይ መሬት አይታረስም፣ ከብት አይረባም። ሥርዓቱ በዘጌ ገዳም ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ የመጣ ነው ተብሎ ይታመናል። ደኑን እዚህ ያደረሰው ይህ ሥርዓት ነው፤ ክብር ይገባዋል። ሆኖም የማያርስ ቤት እህሉን ከገበያ ይገዛል። ጤፍ፣ በርበሬና ጨው በየሳምንቱ ያስፈልጋሉ፤ የቡና ገንዘብ ግን በዓመት አንዴ ይመጣል። ሸክም እንጨት ወቅት አይጠብቅም፤ በታንኳ ባሕር ዳር ከደረሰ በዚያው ቀን እህል ሆኖ ይመለሳል። ዋንዛውን ወይም ሰሳውን የሚጥለው ሰው የዛፍን ጥቅም አሳምሮ ያውቃል። የቸገረው ሐምሌን የሚያሻግር ገንዘብ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚያ ገንዘብ ነው።

ከቡናው አደራረቅ እንጀምር፤ ረዘም ብናደርገው ታገሡን፤ ቁልፉ እዚህ ነው። በደንብ የደረቀ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ጎተራ ውስጥ እስከ ክረምት ይቆያል፤ ያልደረቀው ሻጋታ ስለሚይዘው ባለቤቱ ነጋዴው በጠራው ዋጋ በለቀማው ሰሞን ይሸጠዋል። ከዚያ ሐምሌ ሲመጣ መጥረቢያ ይነሳል።

የሚለቀመው ቀዩ ብቻ ነው። አረንጓዴው ሲቆላ እየነጣ የቀረውን ጣዕም ያበላሻል፤ ስለዚህ ከአንድ ዛፍ ሥር ሦስት አራት ጊዜ መመለስ ግድ ነው። የተለቀመው በዚያው ቀን አልጋ ላይ ይሰጣ፤ በጆንያ ካደረ ይፈላል። የአልጋው ቁመት አንድ ሜትር አካባቢ ይሁን፤ ነፋስ ከሥሩ ማለፍ አለበት። የቡናው ውፍረት ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። ወፍራም ከሆነ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይሻግታል። መሬት ላይ የተሰጣ ቡና ደግሞ የአፈር ሽታ ይዞ ይቀራል፤ ያንን ሽታ ምንም ማጠብ አያወጣውም። በቀን ደጋግሞ ማገላበጥ፣ ፀሐይ ሲበረታና ሲመሽ መሸፈን ነው። እንዲህ ሲያዝ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። በእፍኝ ይዘው ሲነቀንቁት ፍሬው ውስጡ ከተንኮሻኮሸ ቀርቧል፤ እርጥበት መለኪያ ያለው ማኅበር ግን 11.5 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ያንሳው። ጆንያው ከወለል በርብራብ፣ ከግድግዳውም ራቅ ብሎ ይቀመጥ። በላስቲክ ማሸግ ግን ላብ ያመጣል። 6 ኪሎ ቀይ ቡና ወደ 2 ኪሎ ጀንፈል፣ ተፈልፍሎም ወደ 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል፤ ሁለት ጆንያ ለክረምት የሚያስቀር ቤት ይህን ሒሳብ ከለቀማው በፊት ይሥራ።

ያረጀውን የቡና ዛፍ መጎንደል አትፍሩ። ለቀማው እንዳለቀ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ በስለታም መጋዝ ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ ነው፤ ሰያፍ የሆነው ውኃ እንዳያቁርበት ነው። ከሚያቆጠቁጠው ሁለት ሦስት ጠንካራ ቀንበጥ ብቻ ይተው። ፍሬ እስኪሰጥ ሁለት ሦስት ዓመት ስለሚወስድ በአንድ ዓመት ከሩብ በላይ አትጎንድሉ። ሁሉን በአንዴ የጎነደለ ቤት ደኑን ሊበላ ተገድዷል ማለት ነው።

ማርን በተመለከተ፣ ውድ የሆነውን ዘመናዊ ቀፎ ብቻውን ማደል ይብቃን። ማር ማጣሪያ፣ የሰም አታሚና ጭስ ማጨሻ ሳይኖር የተሰጠ ቀፎ የዶሮ ቤት ሆኖ ይቀራል። በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ያለው የሽግግር ቀፎ ከቀርቀሃና ከጭቃ እዚሁ ይሠራል። የሚያሳስበው የላዩ ርብራብ ነው፤ እያንዳንዱ ዘንግ ስፋቱ 3.2 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከሰፋ ንቧ የማር እንጀራውን ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው አጋድማ ትሠራለች፤ ያኔ ሳይሰበር አይወጣም። ማሩ በሰም ሳይታተም አይቆረጥ፤ ያልታተመ ማር ውኃ ስላለው ይፈላል። ለንቧም ሁለት ሦስት እንጀራ ይተውላት። ብሳናውና ግራዋው ለንቧ ቀለብ ስለሆኑ፣ እነርሱን ቆርጦ ቀፎ መስቀል ትርጉም የለውም።

ጌሾ የዘጌ የቆየ ሀብት ነው፤ እንደ ቡና አንድ ወቅት ብቻ አይጠብቅም። ደርቆ ከቆየ በእንቁጣጣሽና በመስቀል ጠላ ሰሞን፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ገዢው ራሱ ይፈልገዋል። ቅጠሉን ገፎ ዛፉን ባዶ ማስቀረት ግን የመጪውን ዓመት መሸጥ ነው።

ሁሉን በአንድ ገቢ ላይ አታኑሩ። አዊ ዞን ውስጥ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ደከረንስ የሚባለውን ፈጥኖ የሚያድግ የግራር ዓይነት ዛፍ ተክሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት መካከሉን ጤፍ ዘርቶ፣ በአራት አምስት ዓመቱ ከሰል እያከሰለ ብዙ ቤት ቆመ። ከዚያ በሽታ ገባበትና ሰፊ ተክል አደረቀ። የአዊ ገበሬ ድካም ያሳዝነናል፤ እኛም እንዲሁ እንዳንያዝ ነው የምናነሳው።

በመጨረሻ ስለ አልጋው እንጨት። የማድረቂያ አልጋ ብዙ ምሰሶና ርብራብ ይፈልጋል፤ ምሰሶውን ከዚሁ ደን ከቆረጥን በአንድ እጅ ተክለን በሌላው ነቀልን። ርብራቡን ከእንጅባራ በኩል በሚመጣ ቀርቀሃ፣ ምሰሶውን ከባሕር ዛፍ እናድርገው፤ ማኅበሩ በጋራ ከገዛው የጭነቱ ዋጋ ይቀላል። ግዢው ግን ፍሬው መቅላት ሳይጀምር ያልቅ፤ አልጋው ከለቀማው ከዘገየ የዘንድሮው ቡና እንደገና መሬት ላይ ይሰጣል።